ከጆሮ ጫፍ የተወሰደች ጠብታ

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የነገረኝ ጎረቤቴ ጀልባ ጠጋኙ ነው። እሱ እንዳለው፣ አንድ ወጣት ቀዛፊ ወደ ብሔራዊው ቡድን ለመግባት አንድ ፈተና ቀርቶት ነበር። በቡድኑ ጀልባ ላይ የቀረው ወንበርም፣ መቀመጫ ማለቴ ነው፣ አንድ ነበር።

ፈተናው የሚሰጠው አዳራሽ ውስጥ፣ በመቅዘፊያ መሣሪያ ላይ ነው። ጫናው በየደረጃው ይጨምራል፤ በደረጃዎቹ መካከል ከጆሮ ጫፍ ጠብታ ደም ይወሰዳል። ድካም ደም ውስጥ አሲድ ይጥላልና፣ አሲዱ ቶሎ የበዛበት ቀዛፊ ውድድሩን ሳይጨርስ ይዝላል ተብሎ ይተነበያል።

ልጁ የፈራው መሣሪያውን አልነበረም፤ ደሙን የሚወስደውን መርማሪ ነው። ለመቀመጫው የሚፎካከረው፣ ሽቦ የሚሉት ቀጭን ልጅ የመርማሪው የእህት ልጅ ነበር።

አባቱ አብረውት መጡ። በወጣትነታቸው ቀዛፊ፣ ኋላም አሠልጣኝ ነበሩ። እናቱ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ናቸው።

«ከተመረጥህ መቼ ትሄዳለህ?» አሉት በር ላይ።

«በሳምንቱ፣ አባባ። ሥልጠናው ባሕር ማዶ ነው።»

«ይሁን።»

ልጁ ቀዘፈ፤ ላቡ ተንቆረቆረ። መርማሪው ጆሮውን ሊያደርቅ ጥጥ ሲያነሣ አባትዬው እጁን ያዙት።

«ተወው፣ ልጄን እኔ አብሰዋለሁ።»

በአንገታቸው ባንጠለጠሉት ፎጣ ግንባሩን፣ ጀርባውን፣ በመጨረሻም ጆሮውን አበሱለት። በየደረጃው እንዲሁ አደረጉ። «ይህን ሁሉ ቀዝፈህ ከግድግዳው አላለፍህም» እያሉም አሳቁት።

ልጁ ሽቦ ካቆመበት ደረጃ አልፎ ጨረሰ። መርማሪው ግን የአሲዱን ቁጥር አይቶ ከእህቱ ልጅ ጋር ጥግ ይዞ ሲያንሾካሹክ ታየ።

በማግስቱ ሽቦ ተመረጠ። የልጁ አሲድ ገና ከመጀመሪያው በዝቷል ተባለ።

«ሸጥኸኝ» አለው፣ የመርማሪውን ቢሮ በርግዶ ገብቶ። «ለሥጋህ ብለህ ሸጥኸኝ።»

መርማሪው ቀና ብሎ አላየውም።

«ላብ ራሱ ያንን አሲድ ይዟል» አለ ቀስ ብሎ። «ከደሙ ጋር ከተነካካ ቁጥሩን ያንረዋል። ለዚህ ነው ጆሮ በንጹሕ ጥጥ ሳይደርቅ መርፌ የማይነካው። ትናንት እምቢ ማለት ሲገባኝ አፈርሁ። አሁን የሽቦ ስም ተልኳል።»

«ማንን ነው ያፈርኸው?»

«ይህን ሥራ ያስተማሩኝን ሰው። አባትህን።»

ከሰማሁት ዓመታት አለፉ፤ የጻፍሁት ግን ዛሬ ነው፣ ጀልባ ጠጋኙ አባቱን ቀብሮ በተመለሰ ማግስት።