ከእሳቱ የምትወጣው መኪና

የጋራዡ ጣሪያ በእሳት ሲያያዝ ክሊፎርድ በሁለቱ ቀያይ የስፖርት መኪኖች መሃል ቆሞ ነበር። አንዷ ከአባቱ የወረሳት ኦሪጅናል ናት፤ ሌላዋ እሱና ሟች ሴት ልጁ ሄዘር ቅዳሜ ቅዳሜ ከፋይበርግላስ የገጣጠሟት አምሳያዋ። እሳቱ ከአንዷ በላይ ለማውጣት ጊዜ አይሰጥም። አምሳያዋን በትከሻው ገፋት፤ ንቅንቅ አላለችም።

«አብደሃል እንዴ፣ አንተ ሰውዬ? እውነተኛዋን አውጣ እንጂ» አለች ሚስቱ በሩ ላይ እያሳለች። «ይቺን ፕላስቲክ መልሰህ ትሠራታለህ።»

«ከማን ጋር?» አላት ቀና ሳይል።

ሚስቱ ጭሱን ጥሳ ገባችና ከጎኑ ቆመች። በአምሳያዋ የኋላ ክዳን ጠርዝ ላይ፣ ሙጫው ሳይደርቅ ሄዘር በስህተት የተደገፈችበት፣ እሱም በብርጭቆ ወረቀት ሊፍቀው አንጀቱ እምቢ ያለው የመዳፍ ምልክት አለ። ሚስቱ የራሷን መዳፍ ልክክ አድርጋ ገጠመችበት።

«በይ ግፊ፣ ልጄ» አለች።