ድምፁን የማያነሣው

«ጥላ የሚበላ ንጉሥ ምኑ ያስፈራል?» ይላል በያጁ፣ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተዘርፍጦ። «ጥላዬን ቢበላብኝ ፀሐይ ላይ እቆማለሁ። ሌላ ይበቅልልኛል!»

ፋርማሲስቱ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። ታላቃችን ስለሆኑ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «አንተ መጽሐፉን ግማሽ ታነብና ሙሉ ትከራከራለህ» ይሉታል።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ልብስ ስፌት ቤቴ ለደንበኛ ዝግ ነው፤ ለእነዚህ የአስማት ልብ ወለድ ሱሰኞች ግን ክፍት። እኔም ከእነሱ አልሻልም። እጄ የሱሪ ጫፍ ያጥፋል፣ ጆሮዬ እነሱ ጋ ነው። የዛሬው ክርክር፣ ከክፉ ገጸ ባሕርያት ሁሉ የቱን ነው የምንወደው የሚል ነው። እኔ ነፋስ ሰርቃ በጠርሙስ የምትሸጠውን አሮጊት ሳቀርብ፣ ሁለት መጽሐፍ አደባልቀሻል ብለው ስቀውብኛል።

«በሉ፣ የመምህሯ ተራ ነው» እላለሁ።

መምህሯ አዲሳችን ናት። ቀሚስ ልታስጠብብ መጥታ፣ መደርደሪያዬ ላይ የተከመሩትን መጻሕፍት አይታ ነው የቀረችው። ወሬ አታበዛም። ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች።

«የእኔን ርዕሱን ረስቼዋለሁ» ትላለች።

«ምን ችግር አለው!» ይላል በያጁ። «እኔ የአንድም ደራሲ ስም ይዤ አላውቅም። ክፋቱን ብቻ ንገሪን።»

«ክፉው አስማት የለውም። ከሴትየዋ ጋር አንድ ቤት ነው የሚኖረው። ከውጭ ስትገባ ጫማዋን ገልብጦ ያያል። ጭቃው የየትኛው መንገድ እንደሆነ ያውቃል።»

«ወይ ጉድ! ይሄስ ሸጋ ክፉ ነው።»

«ሰው ፊት ማር ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ‹ታድለሽ› ይላታል። ሲቆጣ አይጮህም፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ዝቅ ባደረገ ቁጥር እሷ መተንፈስ ያቅታታል።»

«አንብቤዋለሁ መሰለኝ» ይላሉ ጋሼ፣ ግንባራቸውን እያሻሹ። «ከመስታወት የተሠራ ሰው አይደለም? ሽፋኑ አረንጓዴ…»

«ሽፋኑን አላስታውስም፣ ጋሼ።» መምህሯ ከወለሉ ያነሣችውን ብጣሽ ክር ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች። «አንድ ቀን ምግቡ ጨው በዝቶበት አንገቷን ያዛት። እንደያዛት ስለ አየሩ ያወራታል። ዛሬ ዝናብ ይመጣ ይሆን እያለ።»

እግሬ የስፌት መኪናዬ መርገጫ ላይ ይደርቃል። ሙቀቱ ሁላችንንም አልቦናል። እሷ ግን ሻርፗን እስከ አገጯ ጠምጥማለች። ጋሼን አያቸዋለሁ፤ እሳቸውም እያዩኝ ነው።

«መጨረሻውስ?» ይላል በያጁ። ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል።

«እዚያ አልደረስኩም።»

ውጭ የመኪና በር ይዘጋል። ከሁላችን ቀድማ የሰማችው እሷ ናት። 

«እሱ ነው» ትላለች። «እዚህ እንደምመጣ አልነገርኩትም።»

ብድግ ብዬ በሩን ልዘጋ ስል ይገባል። ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሱሪ ሊያሳጥር ቢመጣ ወንበር ስቤ አስቀምጠው ነበር።

«ደህና ዋላችሁ። ሚስቴ አስቸገረቻችሁ?» ድምፁ ሕፃን የሚያስተኛ ሰው ድምፅ ነው። «ተነሺ የኔ ቆንጆ። እንሂድ።»

ትነሣለች። ጉልበቷ እንጂ እሷ የተነሣች አትመስልም። መቀሱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ላነሣው አስባለሁ፣ ግን አላነሣውም። ያ ሁሉ አፍ ያለው በያጁ ወለል ወለሉን ያያል።

«ጨዋታችን አላለቀም» ይላሉ ጋሼ። መነጽራቸውን መልሰው ያደርጋሉ።

«ስለ ምን ነው የምትጫወቱት፣ አባቴ?»

«ስለ ክፉዎች።»

ሰውዬው ፈገግታውን አያጠፋም። አንድ በአንድ ያየናል። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ ዝቅ አድርጎ፣ «ነይ» ይላታል።

«አልሄድም» ትላለች። የተናገረች እንኳ አትመስልም፤ ከንፈሯን ባላይ አልሰማትም ነበር።

ሰውዬው የሸሚዙን እጅጌ ያቃናል። 

«እሺ» ይላል። «መኪና ውስጥ እጠብቅሻለሁ። እኔ እንደሆንኩ አልቸኩልም።»

እግሩ ደፉን እንደተሻገረ የብረቱን በር እገፋለሁ። መቀርቀሪያው አልገባ ይለኛል። በያጁ ደርሶ እጄን በእጁ ይዞ፣ አብረን እናስገባዋለን። ጋሼ ጥግ ይዘው ለፖሊስ ይደውላሉ። የሰፈራችን ስም ከአፋቸው ይጠፋባቸዋል፤ «ኧረ ይሄ… ትምህርት ቤቱ ጀርባ!» እያሉ ላብ ያጠምቃቸዋል። ስልኩን ዘግተው «እየመጡ ነው» ይሉናል።

«የምትደውይለት ዘመድ አለሽ?» እላታለሁ፣ ስልኬን እየሰጠኋት።

«እናቴ።» ቁጥሩን ትጀምራለች፣ ታጠፋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ከደወለች ስንት ጊዜ እንደሆናት አልጠይቃትም።

«ሃሎ? ማነው?» ይላል ከወዲያ አንድ የደከመ ድምፅ። መምህሯ አፏን ትከፍታለች፤ ቃል አይወጣትም፣ ትንፋሽ ብቻ። «ማነው?… ልጄ? አንቺ ነሽ?»

በሩ ይንኳኳል። ቀስ ብሎ፣ በአንድ ጣት። በያጁ ጀርባውን ብረቱ ላይ ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል።

«ምንድነው የሚንኳኳው? የት ነሽ? በር ነው? ማነው የዘጋብሽ?» ትላለች እናቷ።

«እኛ ነን፣ እማዬ» ትላለች መምህሯ። «ከውስጥ ነው የቀረቀርነው።»