የይበልጣል ሙሾ

አልበሟ ላይ ያሉት ዘፈኖች ሁሉ ለታናሽ ወንድሟ ለይበልጣል ያወጣቻቸው ሙሾዎች ነበሩ። በጀልባ ሲሻገር ባሕር በላው ተባለ፤ አብሮት የወጣ ጓደኛው ደውሎ አረዳቸው፤ ድንኳን ተጥሎ ተለቀሰ። እሷም ሐዘኗን በማሲንቆና በሳክስፎን፣ የአገር ቤቱን ዜማ ከጃዝ ጋር አዋዝታ ብትዘፍነው፣ እስከዚያ ሰሚ ያጣችው ዘፋኝ ስሟ ባንድ ጊዜ ገነነ።

አልበሙ በተመረቀ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጥቁር የለበሱት እናቷ ከፊት ተቀምጠዋል። ከመድረኩ ጀርባ ተራዋን ስትጠብቅ ስልኳ ጠራ፤ የማታውቀው የውጭ አገር ቁጥር ነው።

«እታለም» አላት ይበልጣል፣ እሱ ብቻ በሚጠራት ስም። «አዲስ የታሰረ ልጅ ዘፈንሽን ሲያንጎራጉር ሰማሁት። አልሞትኩም እኮ። እስር ቤት ነኝ፤ ስልክ ያገኘሁት ገና ዛሬ ነው።»

ግድግዳውን ተደገፈች።

«እማዬ አለች?»

«አለች። ደህና ናት» አለችው በሹክሹክታ።

«እባክሽ ዛሬውኑ ንገሪያት።»

ከመጋረጃው ወዲያ አስተዋዋቂው ስለ ሟች ወንድሟ እየተናገረ ነው። ሕዝቡ ለኅሊና ጸሎት ሲነሳ ወንበሮቹ ተንኳኩ። ስልኩን ዘጋችው።

«ማነው?» አላት ሳክስፎን ተጫዋቹ፣ ፊቷን አይቶ።

«ተሳስተው ነው» አለች።

ከዚያ ወጥታ ዘፈነች። እናቷ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ሲጠርጉ፣ እሷ እስከ መጨረሻው ዓይኗን እንደጨፈነች ነበር።