ጥንድ ጎማ

ላስቲኩ አልወጣ አለ። ሾፌሯ ካርቶን አንጥፋ በጎኗ ተጋድማለች። በአንድ እጇ ፒንሳ፣ በሌላው የእጅ ባትሪ ይዛ፣ ከፎርክሊፍቷ ሹካ ሥር ባለችው ትንሽ ጎማ ላይ የተጠመጠመውን የማሸጊያ ላስቲክ ትጎትታለች። በጎተተች ቁጥር ትሳደባለች።

«አትጎትቺው። ጎማዋን ወደ ኋላ አዙሪያት፤ ራሷ ትተፋዋለች» አለ ከበላይዋ አንድ ድምፅ።

ቀና ስትል መጀመሪያ ያየችው የተወለወለ ጫማ ነው፤ ቀጥሎ ጥቁር መነጽር። የመድኃኒት መጋዘኑ መካኒክ ጋሼ ኩሽኔታ ነበሩ፤ ዓይናቸውን ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ከአርባ ቀን ፈቃድ መመለሳቸው ነው። ስሙን ያወጣላቸው ሠራተኛው ነው፤ ግራሶ ያለቀበት የጎማ ኩሽኔታ ከሦስት መደርደሪያ ወዲያ ሆኖ ሲያፏጭ ስለሚሰማቸው።

እሷና እሳቸው ከተነጋገሩ ሁለት ዓመት አልፏል። የዚያን ጊዜ ሾፌሯ ማሽኗን ከነጭነቷ አቁማ ለሦስት ቀን እረፍት ሄደች። ስትመለስ ጎማዎቹ ከሥራቸው ተደፍጥጠው ማሽኗ እንደ አንካሳ ታነክሳለች። ጋሼ ሰው በተሰበሰበበት ቁልፉን ከእጇ ነጥቀው፣ «አህያ እንኳ ሲያድር ይራገፍለታል!» አሏት። ሰው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው በአገጭ ብቻ ሆነ።

ጎማዋን ወደ ኋላ አዞረቻት። ላስቲኩ እንደ እባብ ተፈትቶ ወጣ።

«አየሽ?» አሉና ዘወር ሊሉ ሲሉ፣ «ጋሼ» አለቻቸው። የምትለውን ሳምንቱን ሙሉ ስታጠናው ሰንብታለች፤ አሁን ግን ምላሷ ተሳሰረ። «ዓይንዎ እንዴት ሆነ?»

«ዓይኔን አደሱልኝ። አፌን ግን እንዳለ ተዉት።»

ሳቀች። ሳቁ አፏን ፈታው።

ባለፈው ሳምንት የሆነውን ነገረቻቸው። እሳቸው በሌሉበት ከውጭ የመጣ መካኒክ ከሹካው ሥር ካሉት ጥንድ ጎማዎች አንደኛዋ ስታልቅ እሷን ብቻ ለወጠ። አዲሷ ሙሉ፣ አሮጌዋ የተበላች፤ ሸክሙ ሁሉ በአዲሷ ላይ ወደቀ። በሦስተኛው ቀን ግላ ከቸርኬዋ ተላጠች። ሹካው ላይ ስምንት መቶ ኪሎ የሴረም ጠርሙስ ነበር፤ ዘመመ። ጓደኛዋ፣ መለያ ለጣፊዋ፣ በዘመመበት በኩል ጎንበስ ብላ ትጽፍ ነበር።

«ሂጂ! ብዬ ጮህኩ። ከዚያ እያማተብኩ ቀስ፣ ቀስ አድርጌ አወረድኩት።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጅቷስ?»

«እሷ እንኳ ደህና ናት። እኔ ነኝ ሌሊቱን ያልተኛሁት። ስድስት ዓመት ስነዳ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ዕድሌ ነው፣ ማሽኔ ጨዋ ናት እል ነበር። በነጋታው ለጥበቃው ባጫውተው ሳቀብኝ። ‹ጋሼ እኮ ሰኞ ሰኞ ከሁላችሁ ቀድመው ገብተው ከሥሯ ይተኛሉ። ላስቲኩን የሚፈቱት፣ የተሰካውን ብሎንና ጠጠር የሚነቅሉት፣ ግራሶ የሚቀቡት እሳቸው ናቸው› አለኝ።»

ሽማግሌው የወጣውን ላስቲክ አንስተው በጣታቸው ይጠቀልሉት ጀመር።

«ተቀይመውኝ ሳለ ለምን ደከሙ?»

«የተቀየምኩት አንቺን። ጎማዋ ምን አደረገችኝ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደግሞ ከላይዋ የሰው ልጅ ይቀመጣል።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። እንዳያዩባት ካርቶኑን ማጠፍ ያዘች።

ጋሼ ወደ ጥገና ጠረጴዛው ሄደው ሁለት ጥንድ አዳዲስ ጎማ አቀረቡ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ። «ግዥ ክፍል የላከው ናሙና ነው። ምረጪ።»

«እኔ?»

«ወገቡ የማን ነው?» ጥፍራቸውን ቀዩ ላይ ተጫኑት። «ሁለቱም ፖሊዩሬታን የሚሉት ፕላስቲክ ናቸው። ይቺ ደረቅ ናት። ከባድ ትችላለች፤ ወለሉ እንደ መስታወት ቢሆን ከሷ ወዲያ የለም። የኛ ወለል ግን ስንጥቁ ብዙ ነው፤ አንዱንም አትምርም፤ እያንዳንዱን ወደ ጀርባሽ ትልከዋለች። ቢጫዋ ለስለስ ትላለች፤ ስንጥቁን ትውጥልሻለች። ለኛ ጭነትም ትበቃለች፤ አይቼዋለሁ። ብቻ ተጭና ከቆመች...» አቋረጡት።

«ጭኜባት አላሳድርም» አለች ሾፌሯ። «የዚያን ጊዜም ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ጋሼ።»

«ጥፋቱ ያንቺ ነበር። አህያዋ ግን የኔ ናት፤ ሰው ፊት ባላመጣት ይሻል ነበር።»

«እግዜር ያክብርልኝ። ስለ ሰኞዎቹ ሁሉ።»

«ተይ እንግዲህ፣ ቁልፉን አቀብይኝ» አሉ፤ ግን ቁልፉን ሲቀበሉ እጇን ከነቁልፉ ጥቂት ይዘው ቆዩ።

ቢጫዎቹን መረጠች። ጋሼ ዓይናቸው ገና ስለሚያጭበረብራቸው እሷ እያየች፣ እሳቸው በጣታቸው እየዳሰሱ፣ ሁለቱንም ባንድ ላይ ለወጡ። ሲጨርሱ እያንዳንዷን በመዳፋቸው አሽከረከሯትና ጆሯቸውን አስጠግተው አደመጡ። አንገታቸውን ነቀነቁላት።

ማሽኗ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ጋሼ ኩሽኔታ ከፊቷ ቆመው እጃቸውን አነሱ፤ «ነይ... ነይ... ቀጥ በይ...» እያሉ የኋሊት ይራመዱ ጀመር። በሰፊው መተላለፊያ ላይ የሚያግዳት አንዳች ነገር አልነበረም፤ መንገዱንም ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። ከመንገዷ እንዲወጡላት ግን ጥሩንባ አላሰማችም። ወደ ግራ ሲያመለክቷት ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲያመለክቷት ወደ ቀኝ እያለች፣ በእሳቸው እርምጃ ልክ ተከተለቻቸው።