ከወለንጪቲ የመጣው ሪፖርት

የምሥራቁ ጦርነት ሲፋፋም የናዝሬቱ የደኅንነት ቢሮ አሠራሩን ለወጠ። "የሰፈር ሐሜት በቃን! ጦሩ የሚፈልገው የሆነውን ሳይሆን የሚሆነውን ነው" ብለው ሻምበል ዘገዬ ለጠቋሚዎቹ ሁሉ አስተላለፉ።

ዛሬ ታይፒስቷ አረጋሽ ከወለንጪቲ የመጣ ሪፖርት ስትመታ መሃል ላይ አቆመች። "ስድስት ካሚዮን ዘማች አለፈ። ስድስተኛው ተገልብጦ የተሳፈሩበት ሁሉ አለቁ" ይላል።

"ሻምበል፣ የወለንጪቲው ጠቋሚ ሰክሯል እንዴ? ካሚዮኖቹ እኮ ገና ደጃችን ቆመዋል!"

"እሱ ስቶ አያውቅም" አሉ ቀና ሳይሉ።

ታናሽ ወንድሟ መርዳሳ ደጅ ከሚሳፈሩት ዘማቾች አንዱ ነው። የካሚዮኖቹ ሞተር ሲነሳ ሮጣ ወጣች።

"መርዳሳ! ውረድ!"

መርዳሳ ከመጨረሻው ካሚዮን ላይ ሳቀ። "እትዬ፣ አታስቢ! ከወለንጪቲ የመጡ ሽማግሌ ወደ አገራቸው ሊመለሱ እዚህ ተሳፍረው ነበር፤ ቦታቸውን ለቀቁልኝ። 'ለእህትህ ጽፌላታለሁ' አሉኝ።"