የሐይቁ ሣር

ሽማግሌው «ቢስሚላህ» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ድረስ በመስታወቱ ገንዳ ውስጥ ነከሩት። ፈረስ መጋላ ገበያ ያለው የጌጥ ዓሣ ሻጭ አየት አደረጋቸው። አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ረሂማ ግን ዓይኗ ገንዳው ውስጥ ካለው ቀይ ተክል ላይ አልነቀል ብሏል።

«እሱ ብዙ መብራት ይፈልጋል፤ ለጀማሪ አይሆንም» አላት ሻጩ። «አባባ የያዙት ሣር ይሻልሻል። አፈር እንኳ አያስፈልገውም፤ ውሃው ላይ ከጣልሽው ራሱ ያድጋል።»

«አውቀዋለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ሐረማያ ላይ ጀልባ ስቀዝፍ መቅዘፊያዬ ላይ እየተጠመጠመ ያስመርረኝ ነበር። ሐይቁ ሲደርቅ እሱም አብሮ ጠፋ።»

አረንጓዴው ሣር በጣቶቻቸው መሐል እየተሹለከለከ አለፈ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። የውጭው የባጃጅ ጩኸት የራቀ መሰለ። እጃቸው ውሃውን ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይገፋ ጀመር፤ ትንንሾቹ ዓሦችም መንገድ ለቀቁለት።

ሻጩ ውሃ የያዘ ፌስታል ከፍቶ ጠበቀ። ረሂማ የአባቷን ትከሻ ነካ አደረገች።

«አባ፣ ይበቃል። ይዘነው እንሂድ።»

«ትንሽ ታገሺኝ ልጄ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፤ «ገና ዳር አልደረስኩም።»