ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠው እምቢተኛ

የክራኮቭ መስፍን ጎስቲስዋቭ በሁዳዴ ጾም የዓሣ አጥንት አንቆት ሞተ። ልጅ አልነበረውም። አገሩን የሚገዛው የፒያስት ዘር ገና በማለዳው አለቀ ተባለ፤ መኳንንቱም እንባቸውን ሳያብሱ ወንበሩን በዓይናቸው ይለኩ ጀመር።

ከለኪዎቹ ሁሉ ቀዳሚው ሱሊስዋቭ ነበር። ሃያ መንደር አለው፤ ሃያ አንደኛው አገሩ በሙሉ ቢሆንለት አይጠላም።

ችግሩ ደንቡ ነው። ወራሽ ሲጠፋ መስፍን የሚመረጠው ሸንጎው በአንድ ድምፅ ሲስማማ ነው፤ አንድ ሰው እምቢ ካለ ፈረሰ። ደግሞ ከሬሳው ፊት ቀድሞ የሚሄደው ወራሹ ስለሆነ፣ ወራሽ ሳይኖር መቅበርም አልተቻለም። ምስኪን ጎስቲስዋቭ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጋድሞ ይጠብቃል። ደግነቱ በረዶው ገና አልቀለጠም።

ሱሊስዋቭ ግማሹን ሸንጎ በጠጅ፣ ግማሹን በዛቻ አስማማ። የቀረው አንድ ሰው ነው፤ የበግ ለምድ ደርቦ ከምድጃው አጠገብ የሚቀመጥ ሽማግሌ። ማንነቱን የጠየቀ የለም፤ ሁሉም የሌላው ዘመድ ይመስለዋል።

«አልስማማም» ይላል በየቀኑ።

«ጀርመኖቹ ገዝተውታል» አለ ስቶይግኔቭ፣ የሱሊስዋቭ አማች። «አነጋገሩ ጀርመንኛ ጀርመንኛ ሲል አትሰማም እንዴ?»

«እነሱ ከገዙት እኔ ደግሜ እገዛዋለኋ!»

ፈረስ ሰጠው፤ ተቀበለ። ጾም መሆኑን ረስቶ የዝይ ጥብስ ላከለት፤ ሽማግሌው አማተበና ለውሻ ሰጠው።

«አልስማማም።»

«ኧረ በማርያም! አንተ ሰውዬ፣ ምንድን ነው የምትፈልገው?»

«መጀመሪያ ሰውየውን ቅበሩት።»

«ሳንመርጥ? ማን ሊቀድም?»

«ቅበሩት ነው ያልኩት። ለሰው አፈር ይነፈጋል?»

በማግስቱ መልእክተኛ እየሮጠ ገባ፤ የቼክ ጦር የሁለት ቀን መንገድ ብቻ ቀርቶታል። ሳይቀመጥበት ወንበሩ ሊወሰድ ነው! ሱሊስዋቭ ሄዶ ከምድጃው ሥር ተንበረከከ። ያ ሁሉ «አንተ» የት እንደገባ እንጃ።

«አባቴ፣ እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ። ከቀበርነው ይተዉናል?»

«ከተቀበረ ወዲያ ሸንጎ አላስቸግርም።»

«ይማሉልኝ!»

«እግዜር ምስክሬ ነው።»

ሱሊስዋቭ በልቡ ሳቀ። ከሬሳው ፊት ራሱ ሊቀድም ነው፤ ማን ሊከለክለው! ጢሙን አበጠረ፣ ያለውን ጸጉራም ቆብ ሁሉ እየሞከረ ትልቁን ደፋ።

ሬሳው ሲነሳ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። ሱሊስዋቭ ሆዱን አስቀድሞ ወደ ፊት ወጣ። ጳጳሱ በበትራቸው አገዱት።

«ቆይ ልጄ። መጀመሪያ የሥጋ ዘመድ ይጠየቃል።»

«ብፁዕ አባታችን፣ ዘሩ አልቋል እኮ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን ስንል ከረምን?»

«ስትሉ ነበር፤ ስትጠይቁ ግን አልሰማሁም። ከሟቹ ወገን የሆነ አለ?»

ሽማግሌው ከሕዝቡ መሀል ወጣ። «አለሁ አባታችን፤ በስድስት ዓመቴ ለጀርመን ገዳም የሰጡኝ ታናሽ ወንድሙ ነኝ።»